የሰውነት በርና የሊቃውንት በር፤ ስለ ፕሮፌሰር አኪኮ ኢዋሳኪ ሥራ

ደዌ ቆዳን በስቶ ወደ ሰው ሰውነት ከሚገባው ይልቅ በተከፈቱት በሮች የሚገባው ይበዛል። በሮቹም አፍንጫና ጉሮሮ፣ ሳንባና አንጀት፣ የመዋለጃም ክፍሎች ናቸው። ሰው ይተነፍስ ዘንድ፣ ይመገብም ዘንድ፣ ዘሩንም ይተካ ዘንድ እነዚህ በሮች ተዘግተው ሊኖሩ አይቻልም፤ ስለዚህ ተከፍተው ሳሉ መጠበቅ አለባቸው። የተዘጋውን በር መጠበቅ ለማንም ቀላል ነው፤ የተከፈተውን መጠበቅ ግን ብልሃት ይጠይቃል። በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጃፓን የተወለዱት ሊቅ ፕሮፌሰር አኪኮ ኢዋሳኪ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ብልሃት ለመመርመር ነው። ከዚህም ጋራ ስለ ሌላ በር ሳይታክቱ በጽሑፍም በቃልም ተናግረዋል፤ እርሱም ወደ ሊቃውንት ማኅበር የሚያስገባው በር ነው። በዚያ በር ማን እንዲገባ፣ ማንስ እንዲመለስ የሚፈርዱት ሰዎች ፍርዳቸው የቀና መሆኑን ራሳቸው ሊያውቁት እንደማይችሉ ማስረዳት ከተመራማሪነታቸው ያልተለየ ሥራቸው ሆኗል።

ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ በ1970 ዓ.ም. በጃፓን አገር ኢጋ በምትባል ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በሥራ ቦታ ለሴቶች የሚገባው መብት እንዲሰጥ የታገሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸውም በመጀመሪያ እንደ አባታቸው በፊዚክስ ወይም በሒሳብ ሊቅ ለመሆን ይመኙ ነበር። የአባትን ሙያ መውረስ በየአገሩ የተለመደ ነገር ነው፤ የእናትን ትግል መውረስ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚመጣ ነው፤ በእርሳቸው ሕይወት ሁለቱም ተገኝተዋል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ አገራቸውን ትተው ወደ ካናዳ ተሻገሩና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያም የባዮኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት ሲማሩ ሳሉ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት ኃይል የሚሰጠውን ትምህርት ሰሙና ልባቸው ወደዚያ አዘነበለ። ይህ ትምህርት ኢሙኖሎጂ ይባላል። በ1994 የመጀመሪያውን ማዕርግ፣ በ1998 የዶክተርነትን ማዕርግ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ።

ለዶክተርነት የመረመሩት ነገር በዚያ ወራት እንግዳ ስለ ነበረ ስለ አንድ የክትባት ዓይነት ነው። የቀድሞው ክትባት የደከመውን ወይም የሞተውን የበሽታ ዘር ወደ ሰውነት ማስገባት ሲሆን፣ አዲሱ ግን ዲ.ኤን.ኤ. ከሚባለው ከዘር ጽሕፈት ጥቂት ቍራጭ ብቻ ወስዶ በጡንቻ መውጋት ነበር። የሰውነት ሴሎች ያን ጽሕፈት አንብበው የበሽታውን ምልክት ራሳቸው ይሠራሉ፤ የመከላከያው ኃይልም ምልክቱን አይቶ ይማራል። ነገር ግን አስተማሪው ማን ነው? መርፌው የሚወጋው ጡንቻውን ስለ ሆነ ጡንቻው ራሱ ያስተምራል ብሎ መገመት የሚቀል ነበር። ኢዋሳኪ ከመምህራቸውና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው በ1997 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት ግን የማስተማሩን ሥራ ከሁሉ አብልጠው የሚሠሩት ከአጥንት መቅን የሚወጡት ሴሎች ናቸው።

ከእነዚህም መካከል በማስተማር የታወቁት ዴንድሪቲክ የሚባሉት ናቸው። ስማቸው ዛፍ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ቅርንጫፍ የመሰለ ብዙ እጅ አላቸውና። እነርሱን ለይተው በ1973 ለዓለም ያሳወቁት በካናዳ የተወለዱት ራልፍ ስታይንማን ነበሩ፤ ስለዚሁም ሥራ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ዳሩ ግን ሽልማቱ በታወጀ ጊዜ ሦስት ቀን አስቀድሞ ዐርፈው ስለ ነበረ የምሥራቹን አልሰሙም። የእነዚህ ሴሎች ሥራ በየበሩ ተቀምጦ የሚያልፈውን መቃኘት፣ ባዕድ ባገኙም ጊዜ ምልክቱን ይዘው በብብትና በጉያ ንፍፊት ወደሚወጣባቸው ዕጢዎች ሄደው ለተዋጊዎቹ ሴሎች ማሳየት ነው። ሰው ሲታመም ንፍፊቱ የሚያብጠው ያ ትምህርት በዚያ እየተሰጠ ስለ ሆነ ነው።

ዶክተር ኢዋሳኪ ከቶሮንቶ ወጥተው በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ቤት ገቡና የአንጀትን በር መመርመር ጀመሩ። በ1999 በወጣው ጽሑፍ እንደ ታየው በአንጀት ያሉት ዴንድሪቲክ ሴሎችና በጣፊያ ያሉት አንድ ስም ይዘው ሳለ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ የአንጀቶቹ ቍጣን የሚያበርድ መልእክት ያወጣሉ፤ የጣፊያዎቹ ግን ይህን አያደርጉም። ነገሩም የሚያስገርም አይደለም። በአንጀት በር የቆመ ዘበኛ ባየው ባዕድ ሁሉ ላይ ቢጮህ ኖሮ ሰው እንጀራ መብላት ባልቻለ ነበር። ዘበኛ በቆመበት ስፍራ ልክ ጠባዩን ይለውጣል፤ ይህ አሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከፕሮፌሰር ኢዋሳኪ ሥራ አልተለየም።

በ2000 ዓ.ም. በዬል ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን የምርምር ቤት አቆሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ሰውነት ቫይረስን በምን ያውቀዋል የሚል ነበር። ቫይረስ የራሱ ቤትና ሥንቅ የለውም፤ በሰው ሴል ውስጥ ገብቶ በሴሉ ዕቃ የሚራባ ስለ ሆነ ከባለቤቱ ለይቶ ማወቅ አስጨናቂ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2003 እና በ2004 ባወጡት ጽሑፎች እንዳሳዩት ሴሎች ቶል የሚባሉ ልዩ ልዩ መለያዎች አሏቸው፤ የሄርፒስን ቫይረስ ቶል 9 በሚባለው፣ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ ደግሞ ቶል 7 በሚባለው ያውቁታል፤ የሚያውቁትም የቫይረሱን የዘር ጽሕፈት በመመልከት ነው።

በአገራችን ሰው ጉንፋን ሲይዘው ብርድ መታኝ ይላል። ተምረናል የሚሉ ሰዎች ጉንፋን ከቫይረስ እንጂ ከብርድ አይመጣም እያሉ ሽማግሌዎችን ሲያርሙ ይሰማሉ። የዬል ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት ጽሑፍ ግን ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንደያዙ የሚያሳይ ነው። የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት ከሰውነት ውስጥ ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በሳንባ 37 ዲግሪ ሲሆን በአፍንጫ 33 ያህል ነው። ከአይጥ የመተንፈሻ ሥር የተወሰዱ ሴሎች በሁለቱም ሙቀት ተፈትነው በቀዝቃዛው ጊዜ መከላከያቸው ደክሞ፣ የጉንፋኑ ቫይረስ አብልጦ ሲራባ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ደረቅ አየር የተነፈሱ አይጦች ኢንፍሉዌንዛን ለመቋቋም እንደሚያንሳቸው አሳዩ። ስለዚህ ብርዱ ራሱ በሽታ ባይሆንም የበረኛውን እጅ ያደነዝዛል።

ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ሰፋ ተደርጎ ሊነገር የሚገባው በ2012 የወጣው ነው። ክትባት ብዙ ጊዜ በክንድ ይወጋል፤ የሚያስገኘውም ኃይል በደም ውስጥ ይዘዋወራል። ነገር ግን በደም የሚዘዋወረው ጦር ወደ በሩ ሁሉ አይደርስም፤ ይልቁንም የሴት የመዋለጃ ክፍል ቲ ሴል የሚባሉትን ተዋጊዎች ያለ ጥሪ በቀላሉ የማያስገባ ስፍራ ነው። ሄርፒስ የሚባለው የአባለ ዘር በሽታ ግን በዚያው በኩል ይገባና ወደ ነርቭ ዘልቆ ይሸሸጋል፤ ከተሸሸገም በኋላ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ እየቆየም ያገረሽበታል። ጠላት ቤቱን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ የሚደርስ ጦር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ፕሮፌሰር ኢዋሳኪና ባልደረባቸው ሃይና ሺን ይህን ባሰቡ ጊዜ ሥራውን በሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ ለአይጦች ከቆዳ ሥር ክትባት ሰጥተው ተዋጊዎቹን አሠለጠኑ፤ ቀጥሎም ኬሞካይን የሚባለውን፣ ተዋጊዎቹን የሚጠራውን ቅመም በመዋለጃው ክፍል አደረጉ። የሠለጠኑት ቲ ሴሎች ጥሪውን ተከትለው መጡ፤ ከመጡም በኋላ ቅመሙ አልቆ ሳለ አልተመለሱም፤ በዚያው ሰፍረው ቀሩ። ቫይረሱ በተሰጣቸው ጊዜ ወደ ነርቭ የሚያልፈው አነሰ፤ አይጦቹም ከበሽታው ዳኑ። ለዚህ ሥራ የሰጡት ስም አሠልጥኖ መሳብ የሚል ትርጓሜ አለው። በክፍለ አገር ጠላት የሚገባበት መተላለፊያ እየታወቀ ጦሩን ሁሉ በመናገሻ ከተማ ማስቀመጥ እንደማይበቃ የጦር አለቃ ሁሉ ያውቃል፤ በሕክምና ግን ይህ አሳብ በሥራ እስኪገለጥ ብዙ ዘመን ፈጀ።

ኮሮና የተባለው በሽታ በ2020 ዓለምን በያዘ ጊዜ ይህ ዕውቀት በድንገት የሁሉ ሰው ጉዳይ ሆነ። በሽታው የሚገባው በአፍንጫ ነው፤ ክትባቱ ግን የሚሰጠው በክንድ ነበር። ክንድ ላይ የተወጋው ክትባት ብዙ ሰው ከሞት አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም፤ ዳሩ ግን ቫይረሱ ከአፍንጫ ወደ አፍንጫ እንዳይተላለፍ ፈጽሞ ማገድ አልቻለም። በ2022 የኢዋሳኪ የምርምር ቤት አስቀድመው በመርፌ የተከተቡ አይጦችና ሃምስተር የሚባሉ እንስሳት በአፍንጫቸው የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን ብቻ በተቀበሉ ጊዜ በበሩ ላይ መከላከያ እንደ ቆመላቸው፣ ሃምስተሮቹም ለሌሎች የሚያስተላልፉት እንዳነሰ ገለጠ። በእንስሳ የታየው ሁሉ በሰው ይሆናል ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ በዚህም በኩል ብዙ ፈተና ይቀራል።

በዚያው በ2020 ከዬል ሐኪም ቤት በሽተኞች ላይ የተደረገው ሌላው ምርመራ ወደ ሁለተኛው ነገር የሚያሻግር ነው። በሽታው ወንዶችን አብልጦ እንደሚገድል በየአገሩ ታይቶ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን አልታወቀም። ምርመራው እንዳስረዳው በሕመሙ መጀመሪያ በወንዶች ዘንድ የእብጠትና የትኩሳት መልእክተኞች የሆኑት አንዳንዶቹ ቅመሞች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ በሴቶች ዘንድ ደግሞ የቲ ሴሎች መነሣሣት ይበረታል። እንግዲህ ወንድና ሴት ለአንድ በሽታ አንድ ዓይነት መከላከያ አያቆሙም ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም በብዙ የምርምር ቤቶች የሚፈተኑት እንስሳት ብዙ ዘመን ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ በወንዱ የተገኘውም ለሴቷ እንደሚሆን ያለ ምርመራ ይታሰብ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ቤት ገንዘብ የሚጠይቁ ተመራማሪዎች ሁለቱንም ፆታ እንዲያስቡ ያዘዘው በ2016 ነው። ባለጠጋ በሆነ አገር፣ ብዙ ሊቃውንት ባሉበት ዘመን ይህን ያህል ግልጥ የሆነ ጥያቄ ያለ ጠያቂ መቅረቱ ጠያቂዎቹ እነማን እንደ ነበሩ ያሳያል።

ከኮሮና ድነው ሳለ ወራትና ዓመታት ሙሉ ድካሙና የአሳብ መደንዘዙ ያልለቀቃቸው ሰዎች ነገርም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም ሄደው ይህ ሕመም በአሳብሽ ነው እየተባሉ ተመልሰዋል። ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ ቃላቸውን አምነው ደማቸውን መረመሩ። በ2023 ከኒው ዮርክ ሐኪሞች ጋራ ባወጡት ጽሑፍ እንደ ተገለጠው በእነዚህ ሕሙማን ደም ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ቀድሞ በሰውነታቸው ተኝተው የነበሩ ሌሎች ቫይረሶች እንደ ተነሡ የሚያመለክትም ምስክር ታየ። የበሽታው ሥር ገና አልተደረሰበትም፤ ነገር ግን ሕሙማኑ የተናገሩት እውነት እንደ ነበረ ደማቸው መሰከረ።

እንግዲህ ሁለተኛው በር ይህ ነው። ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ በ2019 ኔቸር ኢሙኖሎጂ በሚባለው መጽሔት ስለ ምን የኢሙኖሎጂ ተመራማሪዎች ማኅበር ከልዩ ልዩ ወገን የተሰበሰበ ይሆን ዘንድ እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። በአሜሪካ አገር በሕይወት ነክ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ከሚቀበሉት ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጡት ሴቶች ናቸው፤ ወደ ላይኛው የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሲወጣ ግን ቍጥራቸው እየሳሳ ይሄዳል። ጥቁሮችና ሌሎች በቍጥር ያነሱ ወገኖችም ከዚህ ይልቅ የባሰ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ የጎደለው በመግቢያው ላይ ብቻ አይደለም፤ በየደረጃው ይወድቃል፤ በየደረጃውም የሚፈርድ ሰው አለ።

እነዚህ ፈራጆች ክፉዎች ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ነገሩን አላስተዋለም። በስዊድን አገር የሆነውን መመልከት ይበቃል። በ1995 የስዊድን የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለወጣት ሊቃውንት 20 የምርምር ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። 62 ወንዶችና 52 ሴቶች ጠየቁ፤ 16 ወንዶችና 4 ሴቶች ተሰጣቸው። በዬተቦሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ክሪስቲን ቬኔሮስና አግነስ ቮልድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች የዳኞቹን የነጥብ መዝገብ እንዲያዩ ጠየቁ፤ ምክር ቤቱ ምስጢር ነው አለ፤ እነርሱም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ መዝገቡ የሕዝብ ነው ብሎ ፈረደ። አግነስ ቮልድ ራሳቸው የኢሙኖሎጂ ሊቅ ናቸው።

መዝገቡ በተከፈተ ጊዜ የተገኘው በ1997 ኔቸር በሚባለው መጽሔት ታተመ። አንዲት ሴት ከዳኞቹ ዘንድ ወንዱ የሚያገኘውን ያህል የችሎታ ነጥብ ታገኝ ዘንድ ከወንዱ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚያህል የሥራ ፍሬ ማሳየት ነበረባት። ሌላም ነገር ተገኘ፤ ከዳኞቹ ከአንዱ ጋራ የሥራ ዝምድና የነበረው ጠያቂ ያለ ሥራው ተጨማሪ ነጥብ አግኝቶ ነበር። በእኛ አገር ቋንቋ ይህ የዘመድ ሥራ ይባላል። ሊቃውንት በተሰበሰቡበት፣ ሕግም በጸናበት አገር እንኳ ከዘመድ ሥራ መዳን ያልተቻለ መሆኑ የሚገርም ነው፤ ከዚህም የሚበልጥ የሚገርመው ዳኞቹ ሁሉ በቅን የፈረዱ ይመስላቸው የነበረ መሆኑ ነው። መዝገቡ ባይከፈት ኖሮ አንዳቸውም ባላወቁት ነበር።

ምናልባት ሴቶቹ በሌላ ምክንያት አንሰው ይሆናል የሚል ቢኖር በዚያው ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ በሚያስተምሩበት በዬል በ2012 የተደረገው ፈተና መልስ ይሰጠዋል። አንድ የሥራ ማመልከቻ ተጻፈ፤ ለ127 የሳይንስ መምህራንም ተላከ፤ ቃሉ ሁሉ አንድ ሆኖ በግማሹ ላይ ጆን፣ በግማሹ ላይ ጄኒፈር የሚል ስም ብቻ ተለውጦ ነበር። መምህራኑ ጆንን የበለጠ ብቁ ነው አሉት፤ ለእርሱ 30,238 ዶላር የሚያህል የዓመት ደመወዝ ሲያስቡ ለጄኒፈር 26,508 አሰቡ። ሴቶች መምህራንም ከወንዶቹ አልተለዩም። የሌለችውን ሴት ያለ ጥፋቷ ደመወዝ የቀነሷት ሰዎች ስለ ሥራቸው ቢጠየቁ ማመልከቻውን ብቻ ተመለከትን ባሉ ነበር፤ ሐሰትም ተናገሩ አይባልም።

ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ የሚደክሙት ስለዚሁ ነው። የሚመክሩትም ሰዎችን ቅን ሁኑ ብሎ ማሳሰብ ብቻ አይደለም፤ ቅንነት ሳይጎድል ፍርድ እንደሚጣመም ታይቷልና። ሕፃናት ያሏቸው ተመራማሪዎች ከልጃቸውና ከሥራቸው አንዱን እንዲመርጡ እንዳይገደዱ፣ የሊቃውንት ጉባኤ ሲጠራ ተናጋሪዎቹ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይመረጡ፣ ሹመትና ሽልማት የሚሰጡትም ስማቸው የታወቀውን ብቻ እየደጋገሙ እንዳይጠሩ ያሳስባሉ። በ2020 ደግሞ ኔቸር ሜዲስን በሚባለው መጽሔት ደቀ መዛሙርትን ስለሚያስጨንቁ የምርምር ቤት አለቆች ጻፉ። ይህ ጽሑፍ ድፍረት ያለው ነው። በምርምር ቤት የሚሠራ ወጣት ደመወዙም፣ የጽሑፉ መታተምም፣ ወደ ፊት ለሥራ የሚያቀርበው የምስክር ወረቀትም በአንድ መምህር እጅ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደ ሆነም የመኖሪያ ፈቃዱ ሳይቀር በዚያው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቢበደል ወዴት ይጮኻል? የቆሎ ተማሪ መምህሩ ቢከፋበት አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ደብር መሻገር ይችላል፤ የዘመኑ ተመራማሪ ግን ያለ መምህሩ ደብዳቤ የሚቀበለው ሌላ ደብር የለም። ስለዚህ አቤቱታ የሚሰማበትን መንገድ ማበጀት የዩኒቨርሲቲዎቹ ግዴታ ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ የሚናገሩት ከደጅ ቆመው አይደለም። በ2014 የሃዋርድ ሂውዝ የሕክምና ተቋም ተመራማሪ ሆነው ተመረጡ፤ በ2018 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ጉባኤ፣ በ2019 በብሔራዊው የሕክምና ጉባኤ ገቡ፤ በዬልም ለመምህር ከሚሰጠው ማዕርግ ሁሉ ከፍ ያለውን የስተርሊንግ ፕሮፌሰርነት አገኙ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ በሩን ከኋላው ይረሳዋል፤ ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ ስለ በሩ የሚናገር ሰው ቃሉ ይከብዳል።

ነገሩ አሁን ሰላም ያገኘ አይደለም። በጥር 2025 አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ልዩ ልዩ ወገኖችን ለማግባት የቆሙት የመንግሥት ዕቅዶች እንዲቋረጡ አዘዘ፤ የጤና ምርምር ቤቱም በዚያው ዓመት ከዚህ ጋራ የተያያዙ ብዙ የምርምር ርዳታዎችን ሰረዘ። ዕቅዶቹን የሚቃወሙት ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር ሰው በችሎታው ብቻ ይመዘን፤ ወገኑ አይታይ የሚል ነው። ክርክሩ በቃል ሲሰማ መልካም ነው፤ በችሎታ መመዘንን የሚጠላ የለም፤ ፕሮፌሰር ኢዋሳኪም አይጠሉትም። ጥያቄው ሚዛኑ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይ የሚል ነው። የስዊድኑ መዝገብና የዬሉ ማመልከቻ አልቆመም ብለዋል። ወገንን እያዩ ነጥብ መጨመር በደል ነው የሚል ሰው ወገንን እያዩ ነጥብ ሲቀነስ ዝም ማለት አይገባውም።

ይህም መቀነስ እንዲያው አሳብ እንዳይመስል ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ በተወለዱበት አገር የታየውን ማንሣት ይገባል። በነሐሴ 2018 የቶኪዮ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ውጤት ሲመረመር፣ ቢያንስ ከ2006 ጀምሮ የሴቶች ተፈታኞች ነጥብ በስውር እየተቀነሰ እንደ ኖረ ተገኘ። የተሰጠውም ምክንያት ሴት ሐኪም አግብታ ስትወልድ ሥራዋን ትተዋለች የሚል ነበር። በዚህ ስፍራ ያለ ማወቅ የተደረገ ነገር የለም፤ ዐውቀው አደረጉት፤ አለቆቹም በአደባባይ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከዚያ ፈተና የወደቁ ልጃገረዶች ሳይወድቁ የወደቁ መሆናቸውን ሳያውቁ ወደ ሌላ ኑሮ ሄደዋል። በሚቀጥለው ዓመት በ2019 ነጥቡ ሳይነካ ፈተናው ተሰጠ፤ ከወንዶቹ ተፈታኞች በመቶ 19.8 ሲያልፉ ከሴቶቹ በመቶ 20.2 አለፉ።